«ጓደኞቼን ጎታች እሆን ይሆን?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ሦስት የሥራ ባልደረቦችሽ ከለንደን እስከ ብራይተን ለሚደረገው የ100 ኪሎ ሜትር የበጎ አድራጎት የእግር ጉዞ ሊመዘገቡ መሆኑን፣ አንቺንም ሳይጠይቁ አራተኛ አድርገው እንደቆጠሩሽ ጽፈሻል። ያስፈራሽ ሁለት ነገር ነው፤ «ከሁሉም ደካማዋ እኔ ስለሆንኩ እጎትታቸዋለሁ» እና «ሰው ፊት ቆሜ ገንዘብ ስጡኝ ማለት ያሳፍረኛል»። እኔ ይህን መንገድ ከጓደኞቼ ጋር ጨርሼዋለሁ። መልሴ ይረዝማልና ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ስለ መጎተት። ቀርፋፋ ሰው ቡድን ሲበትን አላየሁም። ቀርፋፋው ከመነሻው ይታወቃል፣ ሁሉም በእሱ ልክ ይሄዳል፣ አለቀ። የሚያስቸግረው ሕመሙን ዋጥ አድርጎ የሚሄደው ነው። ከአራታችን በጣም ጠንካራዋ በየሳምንቱ የምትሮጥ ነርስ ነበረች። ገና ጠዋት፣ ቤቶቹ አልቀው የከብት ማሰማሪያው ሲጀምር፣ ተረከዟ ሲግል ተሰምቷታል። እኛ ወሬ ይዘናል፣ እየሳቅን እንሄዳለን፣ «አሁን ላስቁማቸው?» ብላ ዝም አለች። ቀጣዩ ማረፊያ ደርሰን ካልሲዋን ስታወልቅ ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ ቆዳው ከካልሲው ጋር ተነስቶ መጣ። አጥር መሻገሪያው እንጨት ላይ ቁጭ ብላ አምስት ደቂቃ ብታስቆመን በአንድ ቁራጭ ፕላስተር የሚያልቅ ነገር ነበር። እያነከሰች ግማሹ ድረስ መጣች፤ እዚያ የሕክምና ድንኳን ውስጥ ያየቻት ልጅ «በቃ» አለቻት። እኛ ሐበሾች ደግሞ ለዚህ ነገር የተፈጠርን ነን፤ ይሉኝታ ከጫማ በላይ እግር ይልጣል።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አራታችሁም ተቀመጡና ተስማሙ። አንደኛው ስምምነት «እግሬን ሞቀኝ» የሚል ሰው ካለ ሁሉም ይቆማል፣ ማንም ፊቱን አያጠቁርም የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ቢያቋርጥ የቀሩት ይቀጥላሉ ወይስ አብረው ይመለሳሉ? ይህን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ሁሉም ሆድ ብሶት ሊወሰን አይገባም። እኛ «የሚችለው ይቀጥላል፣ ያቋረጠችውም አትቀየምም» ተባብለን ስለነበር ነርሷ ራሷ ነች ገፍታ የላከችን፤ እሁድ ጠዋትም መጨረሻው ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውዪ። ፈጣኖቹ ቀድመው ዳገቱ ጫፍ ይደርሱና አረፍ ብለው ይጠብቁሻል። አንቺ እያለከለክሽ ስትደርሺ «እሺ፣ እንሂድ!» ብለው ይነሳሉ። እነሱ አርፈዋል፣ አንቺ አላረፍሽም። ይህ ቀኑን ሙሉ ከተደጋገመ ሰውነትሽ ሳይሆን አንጀትሽ ነው የሚቃጠለው። ሕጉ ይህ ይሁን፤ እረፍት የሚጀምረው የመጨረሻዋ ሰው ከደረሰች በኋላ ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ አንቺ ከፊት ሂጂ፣ እነሱ ይከተሉ። ያለ ኀፍረት ጠይቂያቸው።

ልምምድን በተመለከተ ብዙ አላስጨንቅሽም። ጉዞው በግንቦት መጨረሻ፣ ሰኞ ባንክ ሆሊዴይ (የሕዝብ በዓል) በሆነበት ቅዳሜና እሁድ ነው። ከጥር ጀምረሽ በሳምንት አንድ ረጅም ጉዞ እየጨመርሽ ከሄድሽ ይበቃል። 100 ኪሎ ሜትር መለማመድ አያስፈልግም፤ ወደ መጨረሻው ገደማ ቅዳሜ 30 ሄደሽ እሁድ በደከመ እግርሽ 20 መድገም ከአንድ ቀን 50 የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከምሽት እስከ ንጋት ሂዱ፤ በግንባር ባትሪ መራመድ ዓይን ያደክማል። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ከነእረፍቱ ብትይዙ 25 ሰዓት ነው፤ ያ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው በጣም ጥሩ ነው።

የምትጾሚ ከሆነ ልምምዱ ከዐቢይ ጾም ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ እኔንም መጀመሪያ ያሳሰበኝ እሱ ነበር። ግን ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ ስለማይጾም ረጅሙን ጉዞ በእነዚያ ቀናት አድርጊው። ዋናው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል በዚያን ቀን የፈለግሽውን ትበያለሽ። ስንቅ እንደሆነ አባቶቻችን ጨርሰውታል፤ በሶ! ጭብጦ አድርጌ በላስቲክ ጠቅልዬ ነበር የያዝኩት። አዘጋጆቹ ማረፊያው ላይ ብስኩትና ከረሜላ ይደረድራሉ፣ ነገር ግን 60ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጣፋጭ ነገር ዓይንሽ አያየውም፣ ጨው ነው የሚያምርሽ። ቆሎ ለቀን ጥሩ ነው፤ ሌሊት አፍ ስለሚያደርቅ እኔ አልወደድኩትም። ውሃንም ዝም ብለሽ አትጋቺ፤ ብዙ ሰዓት እያላበሽ ያለ ጨው ውሃ ብቻ ማብዛት በደም ውስጥ ያለውን ጨው አሳጥቶ ራሱን የቻለ አደጋ ያመጣል። በጥም ልክ ጠጪ፣ ጨው ያለበት ነገርም ብዪበት።

ግማሹ ላይ ትኩስ ምግብ አለ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ነው፣ ምክንያቱም ወንበር አለ፣ ሙቀት አለ፣ ወደ ቤት የሚመልስ መኪናም አለ። ብዪ፣ ካልሲ ቀይሪ፣ እግርሽን አድርቀሽ ቫዝሊን ቀቢ፣ ተነሺ። ከዚያ በኋላ ጨለማው ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር ማታ 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትገባለች፣ ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ ሌሊቱ አጭር ነው፣ ግን ይበርዳል። በዚህ ሰዓት ወሬ ያልቃል። አንዷ ጓደኛችን መዝሙር ጀመረች፣ ስሙን የማናውቀው እንግሊዛዊ ሽማግሌ ከኋላችን ተጠግቶ እስከሚቀጥለው ማረፊያ ዜማውን እያንጎራጎረ መጣ። ወደ መጨረሻው የሳውዝ ዳውንስ ሸንተረር አለ። የምሥራቅ ሳሴክስ ከፍተኛው ጫፍ ዲችሊንግ ቢኮን እንኳ 248 ሜትር ብቻ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ላይ ላደገ ሰው ያስቃል። 85 እና 90 ኪሎ ሜትር ከሄድሽ በኋላ ግን አያስቅም። የመራመጃ በትር ያዢ፤ በተለይ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበትሽን ያተርፍልሻል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እኛ የመረጥነው በወሊድ ጉዳት ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች የሚያክመውን የሃምሊን ፊስቱላን ሥራ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለውን ሆስፒታል ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱት፣ እዚህ ብሪታንያም የተመዘገበ ድርጅት ያለው። ይህ ልመናውን ቀለል አደረገልኝ፤ እዚህ ያለ ሐበሻ ስሙን ሲሰማ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፣ በተለይ እናቶች። በምዝገባው ወቅት መክፈያው በተለያየ መንገድ ነው፤ ወጪሽ ከምትሰበስቢው ላይ ሊሸፈን ይችላል፣ ወይም ራስሽ ትከፍያለሽ። አቅምሽ ከፈቀደ ራስሽ ክፈዪ። የእኛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ከዚህ ላይ ስንቱ ለድርጅቱ ይደርሳል?» ነው፤ «የእኔን ወጪ እኔው ችዬአለሁ» ስትዪ ነገሩ ያበቃል።

ሁለተኛው ጊፍት ኤይድ ነው። እዚህ ግብር የሚከፍል ሰው በድረ ገጽሽ 10 ፓውንድ ሲሰጥ ሳጥኗን ምልክት ካደረገ ድርጅቱ ከመንግሥት 2.50 ጨምሮ ያገኛል፤ ሰጪው ምንም አይጨምርም። ችግሩ የእኛ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ጥሬ ገንዘብ በእጅሽ ጨብጦሽ መሄዱ ነው። ያንን ሰብስበሽ በራስሽ ካርድ ስታስገቢ ጊፍት ኤይድን እንዳትነኪ፤ ገንዘቡ የአንቺ ስላልሆነ አይፈቀድም። ከድርጅቱ የወረቀት ቅጽ ጠይቂና ሰጪዎቹ ራሳቸው ሙሉ ስማቸውን፣ የቤት አድራሻና ፖስት ኮዳቸውን ሞልተው ምልክት ያድርጉ። በዚህ አሰልቺ ወረቀት ብቻ ብዙ ገንዘብ አትርፈናል። ለእንጀራና ለወጥ ሽያጭ የገባው ግን በጊፍት ኤይድ አይታሰብም፣ ምክንያቱም ሰውየው በምላሹ ምግብ አግኝቷል።

ስለ ማፈሩ ደግሞ፣ ለሁሉም በአንድ ግሩፕ ላይ መላክ አይሠራም። ሰው አንብቦ «ሌላው ይሰጣል» ይላል። ለእያንዳንዱ በስሙ ጻፊለት፣ ምን እንደምትሠሪና የመቼ ቀን እንደሆነ ንገሪው፣ ልኩን ለእሱ ተዪለት። አምስት ፓውንድ የሰጠውንም እንደ አምሳው አመስግኚ። እምቢ ያለሽን ደግሞ በልብሽ አትያዢ፤ አገር ቤት የሚጠብቁት ስንት እንደሆኑ አታውቂም።

ከዝግጅቱ ጥቂቱን ብቻ ልንገርሽ። እግር ስለሚያብጥ ከወትሮው ትንሽ ሰፋ ያለ ጫማ ግዢ፣ በልምምዱም በደንብ ተራመጂበት። የእግር ጥፍርሽን ከጉዞው ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ ቁረጪ። ከብራይተን ሲመለሱ መኪና መንዳት የለም፤ ባቡር ያዙ ወይም የሚወስዳችሁ ሰው አዘጋጁ፣ ቦርሳችሁ ውስጥም ነጠላ ጫማ ይኑር። ሰኞ በዓል ስለሆነ ታርፊያለሽ፤ ማክሰኞንም ከሥራ አስፈቅጂ፣ በተለይ ፎቅ ቤት የምትኖሪ ከሆነ። አሁንም 100ው ከከበደሽ ግማሹንና ሩቡን የሚሄዱም አሉና ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው፤ ከእናንተ ሁለቱ ግማሹን ቢመርጡ ቡድኑ አይፈርስም።