የሚረባ ጌም ስትፈልጊ መጀመሪያ የሠራው ሰው በምን እንደሚበላ እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከኮዬ ፈጬ ሜክሲኮ ለመድረስ ጠዋት ለአንድ ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከዚያ በላይ ሰርቪስ ውስጥ ትቀመጫለሽ። ስልክሽ 32 ጊጋ ነው። ያወረድሽው ጌም ሁሉ በየደቂቃው ማስታወቂያ ያመጣብሻል። በዚያ ላይ የሰባት ዓመት ልጅሽ ስልኩን ይቀማሻል። «የሚረባ ጌም ጠቁሙኝ» ነው ያልሽው። ብዙዎቹ ሰብዌይ ሰርፈርስና ካንዲ ክራሽ ብለው መልሰውልሻል። እነሱንማ ሳትጠይቂም ታውቂያቸዋለሽ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ስልክሽ አንድሮይድ እንደሆነ ገምቼ ነው።

ስድስት ዓመት ስልክ ጥገና ቤት ሠርቻለሁ። ሥራው ስክሪን መቀየር ብቻ እንዳይመስልሽ። ከሚመጣው ሰው ብዙው «ሃንግ ያደርጋል»፣ «ሜሞሪ ሞልቷል» ባይ ነው። አንድ ቀን የባጃጅ ሹፌር የሆነ ልጅ መጣ። ስልኩን ምንም ሳይነካው ማስታወቂያ ይወጣበታል። እናቱ ስትደውልለት እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ማስታወቂያውን ነው፤ ስሟ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከፍቼ ስቆጥር 19 ጌም አለው። «የትኛውን ነው የምትጫወተው?» አልኩት። ትንሽ አፈረና «ዳማዋን» አለኝ። ዳማዋን ትቼ 18ቱን አጠፋሁለት። ስልኩ ዳነ። ገንዘብ አልተቀበልኩትም፤ ምን ጠገንኩ ብዬ?

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። ጌም ከማውረዴ በፊት ይህን የሠራው ሰው በምን ይበላል ብዬ እጠይቃለሁ። እሱም እንደኛው የቤት ኪራይ አለበት። ነፃ ነው ካለሽ የሚበላው ከሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ከማስታወቂያ የሚበላ ከሆነ ሌቭሎቹ አጫጭር የሆኑት ለአንቺ ታስቦ አይደለም። በሌቭልና በሌቭል መሃል ማስታወቂያ የሚገባበት ቀዳዳ እንዲበዛ ነው። ኮይንና ዲያመንድ እየሸጠ የሚበላ ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሊይዝሽ ይገባል። ካልያዘሽ አትገዢማ። አንዴ ሸጦልሽ የሚሄደው ግን ሥራው ጌሙን ማሳመር ብቻ ነው። የወደደው ሰው በፈቃዱ በሚሰጠው ድጋፍ የሚኖሩም አሉ። እነዚህ ለኛ የተፈጠሩ ናቸው፤ ወደ እነሱ እመጣለሁ።

የዲያመንዱን ነገር በራሴ ደርሶ ነው የማውቀው። ከተማ የሚገነባበት ጌም ነበር፤ ስሙን ተዪው። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ነገር ፈጠን ፈጠን ይላል። ቤቱ በአሥር ሰኮንድ፣ እርሻው በአንድ ደቂቃ ያልቃል። በሳምንቱ አንድ ግንብ አራት ሰዓት ይፈጃል። በወሩ ሦስት ቀን። ካልቸኮልሽ ጠብቂ፣ ከቸኮልሽ ዲያመንድ ግዢ ነው ነገሩ። መጀመሪያ ያስጠማሻል፣ ከዚያ ውሃውን ይሸጥልሻል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሳሁ ወርቅ እሰበስብ ነበር፤ ካልሰበሰብኩት ሌላ ተጫዋች ይዘርፈኛላ! ባለቤቴ አንድ ሌሊት ከትራስ ቀና ብላ «የምታልበው ላም አለህ እንዴ?» አለችኝ። ጠዋት ሳስበው፣ ላም ብትሆን ኖሮ ወተት ይገኝ ነበር። ያኑ ቀን አጠፋሁት። ከዚያም በኋላ ለሦስት አራት ቀን ጣቴ በልማድ ጌሙ የነበረበትን ባዶ ቦታ ይነካ ነበር።

ካንዲ ክራሽም ቢሆን በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። አምስት ነፍስ ይሰጥሻል፤ ካለቀብሽ አንዷ ለመመለስ 30 ደቂቃ ትፈጃለች። እውነቱን ለመናገር የከተማውን ጌም ያህል አልጠላውም፤ ለማረፍ ሰበብ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሳታወርጂ ማወቅ ትችያለሽ። ፕሌይ ስቶር ላይ ከስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል ማስታወቂያ እንዳለውና ውስጡ የሚሸጥ ነገር እንዳለ ተጽፏል። ሰው አያነበውም እንጂ አለ። ስለ አፑ የሚለውን ስትከፍቺና እስከ ታች ስትወርጂ ደግሞ ውስጡ የሚሸጡት ዕቃዎች ከስንት እስከ ስንት እንደሆኑ ታገኛለሽ። ከአንድ ዶላር እስከ መቶ ዶላር የሚል ካየሽ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ መቶ ዶላር እንዲከፍል ተብሎ የተሰናዳ ድግስ ነው። እኛ እዚያ ድግስ ላይ ወንበር ማሟያ ነን። አንድ ዋጋ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማስታወቂያውን ለማጥፋት ሁለት ዶላር፣ ደህና ሰው ነው ብዬ እጀምራለሁ።

አስተያየት ስታነቢ አምስት ኮከቡን እለፊው፣ አንድ ኮከቡንም እለፊው። አምስቱ «ናይስ ጌም» ነው፣ አንዱ ስልኩ ስለሞላበት የተናደደ ሰው ነው። ሦስት ኮከብ የሰጠው ሰው ተጫውቶታል። «እስከ ሌቭል 40 ድረስ ደስ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ሳይከፍሉ አይታለፍም» የሚለውን የሚነግርሽ እሱ ነው። አዲሶቹን አስቀድመሽ እዪ፤ ጥሩ ጌም ሆኖ ጀምሮ በኋላ የሚበላሽ ብዙ ነው።

የፌስቡክና የቲክቶክ የጌም ማስታወቂያ አይተሽ አታውርጂ። ሚስማር እየነቀልሽ ሰውዬውን ከእሳት የምታድኚበትን አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ታወርጂዋለሽ፣ ውስጡ ሌላ ነው፤ ከረሜላ መደርደር ይሆናል። 2020 ላይ የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ሆምስኬፕስና ጋርደንስኬፕስ የሚባሉትን ጌሞች ማስታወቂያ በዚሁ ምክንያት አግዶ ነበር። ያሳዩት ዓይነት ጨዋታ ጌሙ ውስጥ ያለው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሰርቪስሽ። አንድ ፈተና ልስጥሽ። ቤት ዋይፋይ ካለ እዚያ አውርጂው፣ ከፍተሽ አንዴ ተጫወቺ፣ ከዚያ ኤርፕሌን ሞድ አድርጊውና እንደገና ክፈቺው። «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ከቆመ እዚያው አጥፊው። ለመንገድ አይሆንሽም። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ሞልቷል፣ ቪዲዮ ማስታወቂያውም ፓኬጅሽን ይበላል። ከተከፈተልሽ ግን ማስታወቂያ የሚያመጣው ጌም እንኳ ያለ ዳታ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ይህቺን ዘዴ ለስንቱ ደንበኛ እንደነገርኩ አልቆጥረውም።

ከሞከርኳቸው መካከል አንደኛ የማደርገው ሻተርድ ፒክስል ደንጀን ነው። ስሙን አትፍሪው፤ ስትፈልጊው በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊው። አንድ ሰው ከ2014 ጀምሮ እያሻሻለው ያለ ጌም ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። አንድሮይድ ላይ ሰውዬው የሚበላው ወደው ከሚደግፉት ሰዎች ነው። ዋሻ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ እየወረድሽ ትሄጃለሽ፣ ከሞትሽ ከመጀመሪያው ነው። አንቺ ካልተራመድሽ ጠላትም አይራመድም። ስለዚህ ሰርቪሱ ቃሊቲ ጋ ድንገት ፍሬን ቢይዝም ምንም አትሆኚም፣ ጣትሽን አንስተሽ ትጠብቂያለሽ። ለመንገድ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ሥዕሉ ግን የድሮ ነው፣ ሳጥን ሳጥን። ያንን ካልወደድሽ አልፈርድብሽም።

ሁለተኛው የሳይመን ታታም የእንቆቅልሽ ስብስብ ነው። አንድ እንግሊዛዊ ፕሮግራመር የሠራቸው ወደ 40 የሚሆኑ እንቆቅልሾች በአንድ አፕ፣ ሱዶኩም አለበት። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ከአንድ ፎቶሽ ብዙም አይበልጥም። ውበት የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ርችት አይተኮስልሽም። ስትጨርሺ ጨረስሽ ነው። ለ32 ጊጋ ስልክ ግን በረከት ነው።

ቼዝ ከቻልሽ ሊቼስ አለ። ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ በ2010 የጀመረው ነው፣ ዛሬም በመዋጮ የሚተዳደር። ማስታወቂያ የሚባል የለውም። ያለ ኔትወርክ ከኮምፒውተሩ ጋር ትጫወቻለሽ። ቼዝ ካልቻልሽ ደግሞ የኛው ገበጣ አለ፤ እዚሁ አገር ቅኔ ጌምስ ሠርቶታል። ከገበሬ የምትሸሸውን ዶሮ፣ ኩኩሉንም የሠሩት እነሱ ናቸው። ገበጣውን ለአባቴ ስጭንለት መነጽሩን አደረገና «ጠጠሩን ማን ይቆጥርልኛል?» አለኝ። ስልኩ ራሱ እንደሚቆጥር ሲያይ ቅር አለው። ለሱ ጨዋታው መቁጠሩ ነበር።

2048 ስለሚባለው ቁጥር የማጋጠም ጌም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ይወደዋል። 2014 ላይ አንድ የ19 ዓመት ጣሊያናዊ ልጅ በቅዳሜና እሑድ ሠርቶ በነፃ የለቀቀው ነው። ኮዱን ሁሉም እንዲያየው ስላደረገ ዛሬ ፕሌይ ስቶር ላይ ቅጂው መቁጠሪያ የለውም፤ ከቅጂዎቹ ብዙዎቹ በማስታወቂያ የታጨቁ ናቸው። በብሮውዘር ዋናውን ብትከፍቺው ይሻላል። ለማንኛውም ጌም ቢሆን የሠሪውን ስም እዪ። ስሙን ነክተሽ ሌላ 60 ተመሳሳይ ጌም ካለው ጋጋሪ ነው፣ ሠሪ አይደለም።

ከሚከፈልባቸው ውስጥ ልቤ የቀረው ሚኒ ሜትሮ ላይ ነው። ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ጣቢያዎች ይበቅላሉ፣ አንቺ በጣትሽ የባቡር መስመር ትስያለሽ። ተሳፋሪው በዝቶ አንድ ጣቢያ ላይ ከተጨናነቀ አለቀልሽ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስጫወተው ራሴን እታዘበው ነበር። ሞኑመንት ቫሊ የሚባል የእንቆቅልሽ ጌምም አለ፣ 2014 የወጣ፤ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። የሚያልቅ ጌም ደስ ይለኛል። አልቆ «ሂጂ ወደ ቤትሽ» ይልሻል።

ክፍያው ግን ራስ ምታት ነው። እኔ የያዝኩት የብር ካርድ ለዚህ አይሆንም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቴ ልጅ የአሥር ዶላር የፕሌይ ስቶር የስጦታ ካርድ ላከልኝና ቁጥሩን ሳስገባው አልተቀበለም። ለካ ካርዱ የተገዛበት አገርና የአካውንቱ አገር አንድ መሆን አለበት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልጠይቅ ላክልኝ ያልኩት እኔ። አሥር ዶላሩን እሱ ራሱ አስገባና ስታርዱ ቫሊን ገዛበት። አንድ ሰው ብቻውን አራት ዓመት ፈጅቶ የሠራው የእርሻ ጌም ነው። ለገና መጥቶ እኛ ጋ ሲያርፍ እሱ ዘመድ ሲጠይቅ እኔ ስልኩን ይዤ ጎመን ሳጠጣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ውጭ ያለ ዘመድ ካለሽ እንደኔ አትቸኩዪ፣ አስቀድመሽ የአገሩን ነገር ጠይቂ።

በቴሌግራም «የተከፈለበት በነፃ» እየተባለ የሚላከውን አትጫኚ። የባጃጁ ልጅ ስልክ ላይ ማስታወቂያውን ከሚያመጡት መካከል ሁለቱ እንደዚያ የመጡ ነበሩ።

ስለ ልጅሽ አጭር ልበል፣ የኔዋ ገና ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ብዙ አላውቅም። ጂኮምፕሪስ የሚባል ነፃ አፕ አለ። ቁጥር፣ ቀለም፣ ሥዕል መገጣጠም፣ ከመቶ በላይ ጨዋታ አለው፣ ማስታወቂያ የለውም። ስልኩን ስትሰጪው ዳታውን ዝጊ። ፕሌይ ስቶር ላይም ማንኛውም ግዢ ፓስወርድ እንዲጠይቅ አድርጊው። ስልክ አጥብቆ መያዝን የሚያቆም ቅንብር ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ነፃዎቹን ዛሬ ማታ አውርጂና ለሦስት ቀን ሞክሪ። ሻተርድን ከጀመርሽ አምስተኛው ወለል ላይ ጉ የሚባል ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይጠብቅሻል። እኔን ስንት ጊዜ ገድሎኛል። ውሃ ውስጥ ሲቆም ቁስሉ እየዳነ ነው፤ ወደ ደረቁ ሳቢው። ማበጥ ሲጀምር ደግሞ አትምቺው፣ ራቂ።