ማርከር የሚያሳየውና የማያሳየው፦ ስለ ዝርያ ማሻሻል ጥያቄና መልስ

የሰብል ማዳቀል ተመራማሪ ነኝ። ማርከርና ጄኖም (የአንድ ተክል ሙሉ ዲኤንኤ) ለገበሬውና ለአዳቃዩ ምን እንደሚሠሩ ብዙዎች ጠይቃችሁኛል፤ በተራ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማርከር ጂኑ ራሱ ነው? ከጂኤምኦስ (በላብ ጂኑ ከተለወጠ ተክል) ይለያል?

ማርከር ብዙ ጊዜ ከምንፈልገው ጂን አጠገብ የሚገኝና አብሮት የሚወረስ የዲኤንኤ ልዩነት ነው፤ አንዳንዴ እዚያው ጂኑ ላይ ይገኛል። ከችግኙ ትንሽ ቅጠል ይቆረጣል፣ ዲኤንኤው ይወጣል፣ ከዚያ በኮሮና ጊዜ ስሙን በለመድነው ፒሲአር ይነበባል። ተክሉ ላይ የሚጨመር ነገር ስለሌለ ጂኤምኦ አይባልም። ማዳቀሉ እንደ ድሮው አበባን ከአበባ በማገናኘት ነው፤ የተለወጠው ከተገኙት ልጆች የትኛውን እንደምናስቀር የምናውቅበት መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ማሽላ የሚዘራበትን መሬት አቀንጭራ ወርሶታል። ይህ ሳይንስ ለእሱ ምን ይፈይዳል?

ለእንዲህ ያለው ችግር ነው በጣም የሚጠቅመው። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር አረም ነው፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ይነቃል። አንዳንድ ማሽሎች ኤልጂኤስ1 የተባለው ጂን ስለማይሠራላቸው ሥራቸው የሚያመነጨው ሌላ ዓይነት ኬሚካል ነው፤ አቀንጭራውም አብዛኛው ሳይነቃ ይቀራል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ ነው። አገር ቤት የተለቀቁት ጎብዬና አብሽርም የዚሁ ሥራ ፍሬዎች ናቸው።

አስቸጋሪው ነገር ባሕርዩ ድብቅ መሆኑ ነው። የአባትዎን ማሽላ ከተቋቋሚው ጋር ብናዳቅለው፣ ልጁ ጂኑን ተሸክሞም በአቀንጭራ ይጠቃል። ጣዕሙንና አገዳውን ሳንለቅ ወደ አባትዎ ዝርያ ደጋግመን ለመመለስ፣ ያለ ማርከር በየመሀሉ ራሱን በራሱ አዳቅለን በተወረረ መሬት ላይ መፈተን ሊኖርብን ነው። በማርከር ግን ተሸካሚዎቹ ገና በቡቃያነታቸው ይለያሉ። ብዙ ወቅት ያተርፋል፤ ገበሬውም የለመደውን ማሽላ እንዲተው አይገደድም።

ጥያቄ፦ ፓፓያ ተክዬ ግማሹ ወንዴ ሆነብኝ። የላብ ምርመራ ላሠራ?

የፓፓያን ጾታ በችግኝነቱ የሚለይ ማርከር አለ፤ ለእርስዎ ጓሮ ግን አያስፈልግም። ግማሹ ወንዴ የሆነው ዘሩ በወንዴ ዛፍ ከተዳቀለ ሴቴ ዛፍ ስለመጣ ይመስለኛል። ሁለቱንም ጾታ የያዘ አበባ ካለው ዛፍ ይውሰዱ፤ ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ ሞላላ ነው፣ የሴቴዋ ደግሞ ክብ ይላል። አበባው ሳይፈነዳ በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑት። ራሱን በራሱ ካዳቀለ ወንዴ አይወጣም፤ ሁለት ሦስተኛው እንደ እናቱ፣ አንድ ሦስተኛው ሴቴ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ማርከር ካለ፣ ዲገሉ ስንዴ በባሌ ለምን እንደዚያ ተመታ?

በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ሲመታ፣ ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2013 መጨረሻ ቲኬቲቲኤፍ የተባለ የግንድ ዋግ ዘር (የዋጉ አንድ ዓይነት) መጣና አንዳንድ ማሳዎች ምርታቸውን ከሞላ ጎደል አጡ። ዲገሉ የግንድ ዋግን የሚመክትበት ኤስአርቲኤምፒ የተባለውን ጂን አዲሱ ዋግ አለፈው። ሰፊ መሬት በአንድ ዝርያ ተሸፍኖ፣ ዝርያው ደግሞ በአንድ ጂን ሲጠበቅ እንዲህ ያለ አደጋ ይመጣል።

መፍትሔው ጂኖችን መደራረብ ነው። አንድ ጠንካራ ጂን ያለው ስንዴ ማሳ ላይ ንጹሕ ስለሚሆን፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ጂን ይኑረው አይኑረው በዓይን አይታወቅም። ማርከር ግን ያሳያል። ኤስአር57ን የመሰሉ፣ ዋጉን ጨርሰው ባይከለክሉም የሚያዘገዩ ጂኖችን ከሌሎቹ ጋር አጣምሮ ለማስቀረት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። በእኔ እምነት በዋግ ሥራ የማርከር ትልቁ ጥቅም ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ነው። ነገ የሚመጣውን የዋግ ዘር ግን አይነግረንም፤ በየዓመቱ ከየማሳው ናሙና ሰብስቦ የሚለይ ሰው የግድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የጤፍ ጄኖም ተነቧል ተብሏል። ታዲያ የማይጋሸብ (አገዳው የማይተኛ) ጤፍ የት አለ?

ጸደይ የተባለው ዝርያ ጄኖም በ2014፣ ከዚያም የተሻለ ጥራት ያለው የዳቢ በ2020 ወጥቷል። ቁንጮ የተባለው ጤፍ ግን ከዚያ በፊት፣ በ2006፣ በደብረ ዘይት ዱከምና ማኛ የተባሉትን ዝርያዎች በማዳቀል የተገኘ ነው፤ ምርታማነትንና ነጭነትን ያገናኘው የአዳቃዮች ዓይንና ትዕግሥት ነው።

ስንዴን ያሳጠሩት ትልቅ ኃይል ያላቸው ጥቂት ጂኖች ናቸው። የጤፍ መጋሸብ ግን ከቁመት፣ ከአገዳ ውፍረት፣ ከሥርና ከዘለላ ክብደት ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡበት ባሕርይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማርከር ይዞ መሮጥ አያዋጣም። የሚሻለው በመላው ጄኖም ላይ ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ማርከሮችን አንድ ላይ በሒሳብ መመዘን ነው፤ ዘዴው በ2001 ቀርቦ በወተት ላሞች እርባታ ላይ በሰፊው ውጤት አሳይቷል። ስሌቱ የሚማረው ግን ከማሳ ልኬት ነው። የትኛው መስመር (በማዳቀል የተገኘ ዘር) በየትኛው ቦታና ዓመት ምን ያህል እንደተጋሸበ በጥንቃቄ ካልተመዘገበ፣ የሺህ ማርከር ውጤት የሚሳሳት ትንበያ ብቻ ይሆናል። ገንዘብ በእጄ ቢሆን ከአዲስ ማንበቢያ ማሽን በፊት ለማሳ ልኬት አውለው ነበር።

ጥያቄ፦ የተሻሻለ ዘር ካለ የድሮውን ዘር ማስቀመጥ ለምን?

ማርከር የሚመርጠው ያለውን ነው። የአውሮፓ የበልግ ገብስ አመዳይ መሰል በሽታን የሚቋቋምበት አንዱ ዋና ጂን የተገኘው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ገብስ ነው። በ1973 የተገለጸው ላይሲን የበዛበት ማሽላም የወሎ ገበሬ ያቆየው ነው። በጂን ባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ጎታም መቆየት አለባቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ላቦራቶሪውን ነው ማሳውን ላስቀድም?

እኅቴ፣ መጀመሪያ ስታቲስቲክስ። የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጪ በደንብ የተለካ የማሳ መረጃ ያለውን ቡድን ፈልጊ፤ የዲኤንኤ ናሙና ውጭ ልኮ ማስነበብ ይቻላል። በእጅ ማዳቀልንም ልመጂ። ጤፍ በእጅ አይዳቀልም ይባል ነበር፤ ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ አበባው ከንጋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ እንደሚከፈት አሳዩ። ጤፍን ከመረጥሽ ከዚያ ሰዓት በፊት ማሳው ጋር መድረስ አለብሽ።