መልስ፦ ሌሊት ለሚያስለው ልጅሽ

እህቴ፣ አስም ያለበት የስድስት ዓመት ልጅሽ ሌሊት እያሳለው እንደሚያድር ገልጸሽ ቤት ውስጥ ምን ላስተካክል ብለሻል። ከጭሱ ጀምሪ። የእኔም ልጅ አስም አለባት፤ ቡና ተፈልቶ እጣን በጨሰ ቁጥር ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር። እናቴ «ቡና ያለ እጣን?» ብላ ተቆጥታ፣ አንድ ቀን ግን ጆሮዋን ልጅቷ ጀርባ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ስትሰማ ማጨሻውን በገዛ እጇ አነሳችው። ከሰልም ደጅ ይሁን፤ መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም። ሲጋራማ ጨርሶ ቤት አይግባ።

ቀጥሎ መኝታው ነው። ፍራሽና ትራስ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይራባሉ። አንሶላውን በየሳምንቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ውሃ እጠቢ። ወለሉን ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል።

በረሮም አስም ያስነሳል፤ የሚረጨው መድኃኒት ራሱ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ስለዚህ ምግብ መክደንና ስንጥቅ መድፈን ይቅደም።

ሐኪም ያዘዘለትን የሚሳብ መድኃኒት ተሻለው ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ አደራ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ወደ ሆስፒታል ውሰጅው።