ፓስፖርቱን ከሣጥን ያወጡት እናትሽ ናቸው

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር መነጋገር ካቆምን ሦስት ሳምንት ሆነን። ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎ።

29 ዓመቴ ነው። በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ የጭቃ ቤቶቹ ገና ባልፈረሱበት በኩል ነው። እናቴ እዚያው ጠላ ትሸጣለች። በራችን ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አለ። ሦስታችንንም አብልቶ ያስተማረን ያ ጣሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮተርዳም የምትኖር አብሮ አደጌ አንድ ማስታወቂያ ላከችልኝ። መቶ ዓመት ያለፈው አንድ የሆላንድ ባለ ሸራ መርከብ ከሐምሌ 26 ጀምሮ ለ8 ቀናት ይጓዛል። ከኤንክሃውዘን ወደብ ተነሥቶ ቴክሰል የሚባል ደሴት ደርሶ ይመለሳል። ካፒቴኑና ሁለት መርከበኞች ይመሩታል፤ ተሳፋሪውም ገመድ ይስባል፣ ሸራ ይሰቅላል፣ ተራው ሲደርስ ያበስላል። የጉዞው ጉዳይ ቢራ ነው። በየወደቡ እየወረዱ ጠማቂዎችን ይጎበኛሉ፤ ከሌላ አገር የተጋበዘ ጠማቂ ደግሞ የአገሩን መጠጥ እዚያው መርከቡ ላይ እየጠመቀ ያሳያል፣ በመጨረሻው ምሽት ያቀርባል። ቅጹን ሞልቼ ስለ ጠላ ጻፍኩላቸው፤ ተቀበሉኝ። ለጠማቂዋና ለአንድ ረዳት ቦታ ይዘዋል፤ በእኛ ላይ ያለው የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ ነው። ለዚያም እቁብ ወጥቶልኛል። የረዳቷን ቦታ ለአብሮ አደጌ አስቤዋለሁ።

ወንድሜ ይህን የሰማ ዕለት ቤቱን አናወጠው። «የጠላ ሻጭ ልጆች መባላችን ሳያንስ አሁን ደግሞ ባሕር ተሻግረሽ ልታውጂው ነው?» አለኝ። ሴት ልጅ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ስምንት ቀን ውኃ ላይ፣ ያውም ለቢራ ብላ፣ ተሰምቶ አይታወቅም አለ። አጎታችንን ጠርቶ ከሰሰኝ። የንስሐ አባታችንን ሳይቀር ሊያመጣ ነበር። እርሱ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው፤ ክራቫት ካሰረ ጀምሮ በዚያ ጣሳ ያፍራል። የሥራ ባልደረቦቹን አንድ ቀን እንኳን ወደ ቤት አምጥቶ አያውቅም። እናቴ ሥራውን እንድትተው በየዓመቱ ይጨቀጭቃታል። ባለፈው መስቀል ጣሳውን ከእንጨቱ አውርዶ ወረወረው። እናቴ ምንም ሳትናገር በማግሥቱ ሌላ ጣሳ ሰቀለች። እንዲህ ያለ ሰው እኔን ስለ ክብር ሊያስተምረኝ ይገባል? ሲያስተምረኝ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ነው።

እናቴ እንኳን አልተቃወመችም። ስንጨቃጨቅ ቡና እየቆላች ነበር። ጭቅጭቁ ሲበርድ «ባሕሩ ጨው ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በማግሥቱ ፓስፖርቷን ከሣጥን አውጥታ በነጠላዋ ጠረገችው፤ እስከ መቼ እንደሚያገለግል አንብቢልኝ አለችኝ። ገና ሁለት ዓመት አለው አልኳት፤ መልሳ አስቀመጠችው። ያወጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ኢየሩሳሌም ልትሳለም አስባ ነበር፤ ገንዘቡ ለታናሽ ወንድሜ ሕክምና ዋለ። ብቻ እርሷ ችግር የለባትም። ችግሩ ወንድሜ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅጹ ላይ «የጠማቂው ስም» እና «ስንት ዓመት ጠምቀዋል» የሚል ነበረበት። የራሴን ስም ጻፍኩ፤ 15 ዓመት አልኩ። ጌሾ ወቅጫለሁ፣ ውኃ ተሸክሜያለሁ፣ ለደንበኛ ቀድቻለሁ። ለብቻዬ ግን አንድም ጋን ጠንስሼ አላውቅም። ይህ እንደ ውሸት ይቆጠራል? ልሂድ ወይስ ልተወው?

ት. ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ልጄ ት.፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ የቆመው «ብቻ እርሷ ችግር የለባትም» ያልሽው ላይ ነው። እናትሽ ስለ ባሕሩ ጨው ጠየቁሽ። በማግሥቱ ፓስፖርታቸውን አወጡ። አቧራውን ጠርገው ቀኑን አስነበቡሽ። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይንገሩሽ? በእናቶቻችን አስተዳደግ ሴት ልጅ «እኔም ልሂድ» አትልም፤ ዕቃዋን ከሣጥን አውጥታ ታሳይና የሚያስተውል እስኪመጣ ትጠብቃለች። አንቺ ቀኑን አነበብሽላቸውና ወደ ወንድምሽ ጠብ ተመለስሽ።

አዎ፣ ውሸት ነው። ትንሽም አይደለም። ወንድምሽ የእናትሽን ጣሳ ከእንጨቱ አወረደ፤ አንቺ ስማቸውን ከቅጹ አወረድሽ። እርሱ በጠላው ስላፈረ፣ አንቺ በጠላው ስለኮራሽ። ለእናትሽ ግን ሁለቱም ያው ነው፤ ሁለታችሁም ያለ እርሳቸው አደረጋችሁት። ይህን የምልሽ ልብሽን ለመስበር አይደለም። እኔም በጋን የተማርሁ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ስትሞት ግን የጠላዋን ልክ የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደግሞ ውሸቱ አንድ ሳምንት አይዘልቅም። እስኪ ጠላው መርከብ ላይ እንዴት እንደሚጠመቅ አስቢው። የደረሰ ጠላ በጀሪካን ጭነሽ አትሄጂም፤ ገና የሚፈላ ነገር ክዳኑን ፈንቅሎ ሻንጣሽን ያጥበዋል። ስለዚህ ደረቁን ይዘሽ ትሄጂያለሽ፤ ጌሾውን፣ ብቅሉን፣ አሻሮውን። ያለሽ 8 ቀን ነው። በመጀመሪያው ምሽት ካልጠነሰስሽ የመጨረሻው ምሽት ባዶ ይሆናል። ሐምሌ ለእነርሱ በጋ ቢሆንም የባሕር ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጥንስሱ ቤት በለመደው ቀን ይደርሳል ወይስ ይዘገያል? ቂጣውና ብቅሉ መቼ ይግቡ? ድፍድፉ ስንት ቀን ይቆይ፣ ውኃውስ መቼ ይሞላ? ይህን በደብተር ጽፈሽ አትሄጂበትም። የእኔ እናት ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን ከጋኑ አፍ ታስጠጋ ነበር። ውስጡ እንደ ጥሩ ዝናብ ይንሾካሾካል። «ገና እያወራ ነው» ትልና መልሳ ትከድነዋለች። ዝም ያለ ዕለት ደረሰ ማለት ነው። መርከቡ የጠራው ያንን ጆሮ ነው፤ እርሱም ያለው ቤታችሁ ውስጥ ቡና የምትቆላው ሴት ዘንድ ነው።

ወንድምሽ «ያውም ለቢራ» ማለቱን አንቺም ዝም ብለሽ የተቀበልሽው ስለመሰለኝ ጥቂት ልበል። ቢራና ባለ ሸራ መርከብ የተዋወቁት ለጭፈራ አይደለም። በበርሜል የተጫነ ውኃ ረጅም ጉዞ ላይ ይሸታል፣ ይበላሻል፤ ቢራ ግን ይቆያል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለአንድ መርከበኛ በቀን አንድ ጋሎን፣ ማለትም ከአራት ሊትር ተኩል ያላነሰ ቢራ ይመድብ ነበር። በ1620 እ.ኤ.አ. ሜይፍላወር በተባለች መርከብ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሰዎች ሌላ ቦታ ፍለጋ ሳይቀጥሉ ለመስፈር የተቻኮሉበትን ምክንያት ሲጽፉ ስንቃችን አልቋል፣ ይልቁንም ቢራችን ብለዋል። ከእንግሊዝ ተነሥቶ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ ለወራት ወደ ሕንድ ይጓዝ ለነበረው ቢራ ደግሞ እንዳይበላሽ ሆፕ ይጨመርለት ነበር፤ መራራ አበባ ነው። ሆፕ ለእነርሱ ጌሾ ለእኛ ማለት ነው፤ ምሬቱም ጠባቂነቱም ከእርሱ ነው። ካፒቴኑ ይህን ሲያስረዳ አንቺ ማስታወሻ ትይዢ ይሆናል፤ እናትሽ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ነገር ነውና።

እንግዲህ የምልሽ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ሥራ ሲቀል ከእናትሽ ጎን ተቀመጪና ቅጹን በአማርኛ አንብቢላቸው፤ ስምሽን የጻፍሽበትን ቦታ ሳትዘዪ። ይቅርታ ጠይቂ። ከዚያ «እማዬ፣ አብረን እንሂድ?» በዪ። ደጋግመሽ ጠይቂ፤ የመጀመሪያው መልስ «እኔን ምን አድርጊ ብለሽ» መሆኑ አይቀርም። እሺ ሲሉ ለአዘጋጆቹ ጻፊ፦ ጠማቂዋ እናቴ ናት፣ እኔ ረዳትና አስተርጓሚ ነኝ፣ ቅጹ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቅር ብሏቸው ቢሰርዙብሽ እንኳን እውነቱን ጽፈሽ መሰረዙ ይሻልሻል። አብሮ አደግሽ ወደብ ላይ ትቀበላችሁ፤ ቦታው የእርሷ አልነበረም። የሁለተኛው ትኬት ብር ከየት ይምጣ ካልሽኝ፣ ከሦስታችሁ ኪስ ይምጣ፤ እናትሽ የኢየሩሳሌሙን ብር ለልጅ አውጥተውታልና።

ቪዛው ጊዜ ይወስዳል፤ አትዘናጊ። ማመልከቻው ከጉዞው ቢበዛ ስድስት ወር፣ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ መግባት አለበት፤ እናንተ 15 ቀን እስኪቀር አትጠብቁ። የጣት አሻራ ይሰጣሉ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይጠየቃሉ። ፓስፖርቱ ከመመለሻ ቀን በኋላ ሦስት ወር ማገልገል ይኖርበታል፤ የእናትሽ ይበቃል። ደረቅ ጌሾና ብቅል ይዞ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አዘጋጆቹ አስቀድመው እንዲያጣሩ አድርጊ። የወይራ ጭስ መርከብ ላይ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ትንሽ እንስራ እዚህ ቤታችሁ በግራዋ ታጥባ፣ በወይራ ታጥና፣ አፏ ታስሮ በጋቢ ተጠቅልላ ትሂድ። በእጅ ያዢያት፤ ሻንጣ ውስጥ አትክተቻት።

አንድ እውነተኛ ችግር ይታየኛል። ከሐምሌ 26 ብትቆጥሪ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ፍልሰታ ላይ ይወድቃሉ። ኢየሩሳሌምን የተመኙ ሴት ፍልሰታን አይገድፉም። ያለ ሥጋና ያለ ወተት ተዋጽኦ የሚበላ እንዲዘጋጅላቸው አስቀድመሽ ጻፊ፤ ሽሮና በርበሬም ቋጥሪ። እናትሽ በጾሙ ምክንያት አልሄድም ካሉ ግን አትጫኛቸው። ያን ጊዜ የቀሩት በራሳቸው ቃል ነው። አንቺም ብቻሽን ከመሄድሽ በፊት እስከዚያው ከእርሳቸው ጋር ሁለት ሦስት ጋን በገዛ እጅሽ ጠንስሺ፤ በእርሳቸው ስም፣ በእርሳቸው ፈቃድ ትሄጃለሽ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ሁለተኛው ጣሳ መልስ ሰጥቶታል። ሲመቸው አውሮፕላን ማረፊያ ያድርሳችሁ።

የእናትሽ ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ አይቅር። ባሕሩ ጨው ነው ወይ ብለዋል። ከኤንክሃውዘን ስትነሡ የምትሄዱበት ውኃ ጨው የለውም። ዱሮ ባሕር ነበር፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ሆላንዶች 32 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ ሠርተው ከባሕሩ ቆረጡትና ከወንዝ በሚገባው ውኃ እያደር ጣፈጠ፣ ሐይቅ ሆነ። መርከቡ ወደ ቴክሰል ሲሄድ በግድቡ በር ያልፋል፤ አንዱ በር ከኋላ ይዘጋል፣ ሌላው ከፊት ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨው ነው። በዚያም ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ የአካባቢው የጥንት መርከቦች ሆዳቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋው ላይ ተቀምጠው እስኪመለስ መጠበቅ ይችላሉ።

በሩ ጋ ስትደርሱ ከመርከበኞቹ ባልዲና ገመድ ተዋሺ። ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከወጣችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ቅጂላቸው። እርሳቸው ይቅመሱት።