አተሞቹ የሚነካኩት የት ነው?

ጥያቄ፦ የመዳብን እፍግታ ከአተሙ ሬዲየስ፣ ከ128 ፒኮ ሜትር፣ ተነስቼ ሳሰላ 6.29 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይመጣብኛል። ትክክለኛው 8.9 ገደማ ነው። ማባዛቱንና ማካፈሉን ደጋግሜ አየሁት፣ ስህተት የለበትም። ታዲያ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?
(የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ስህተቱን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 6.29 የሚመጣው መዳብን እንደ ቀላል ኩብ፣ ማለትም ጥጎቹ ላይ ብቻ አተም እንዳለው ኩብ፣ ሲቆጥሩት ነው፤ ያኔ በዩኒት ሴሉ (እየተደጋገመ ብረቱን በሚሠራው ትንሹ ኩብ) ውስጥ 1 አተም፣ ጠርዙም የሬዲየሱ 2 እጥፍ ይሆናል። መዳብ ግን በየገጹ መሃል አተም ያለው ኩብ ነው። ጥግ ላይ ያሉትን 8 አተሞች እያንዳንዳቸውን 8 ኩቦች ስለሚጋሯቸው ለአንዱ ኩብ በድምሩ 1 አተም ይደርሰዋል። የ6ቱ ገጾች አተሞች ደግሞ ለሁለት ለሁለት ኩብ ስለሆኑ 3 ይሆናሉ። ባጠቃላይ 4።

ጠርዙን በተመለከተ፣ ቀመር ከመያዝዎ በፊት አተሞቹ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚነካኩ ይጠይቁ። ቀመር የሸመደደ ተማሪ ሦስቱን ኩቦች ያምታታል፤ መስመሩን የሚያይ ግን አይሳሳትም። በቀላል ኩብ የሚነካኩት በጠርዙ ላይ ነው። መሃሉ ላይ አተም ባለው ኩብ፣ ለምሳሌ በሶዲየምና በተራ ሙቀት ባለ ብረት፣ ከአንዱ ጥግ በኩቡ መሃል አልፎ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሚሄደው ሰያፍ ላይ ነው። በመዳብ ደግሞ በገጹ ሰያፍ ላይ ይነካካሉ። ይህ ሰያፍ 4 ሬዲየስ ነው፤ የጠርዙም √2 እጥፍ ነው። ስለዚህ ጠርዙ 4 × 128 ÷ 1.414 = 362 ፒኮ ሜትር ይሆናል።

1 ፒኮ ሜትር 10⁻¹⁰ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ጠርዙ 3.62 × 10⁻⁸ ሴንቲ ሜትር፣ ይዘቱ 4.74 × 10⁻²³ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙዎች እዚህ ጋ 3.62ን ኩብ ያደርጉና 10⁻⁸ን እንዳለ ይተዉታል። የ4ቱ አተሞች መጠነ ቁስ፣ 63.55ን (የአንድ ሞል መዳብን ግራም) በ4 አባዝተው በ6.022 × 10²³ (በአንድ ሞል ውስጥ ባሉት አተሞች ቁጥር) ሲያካፍሉት 4.22 × 10⁻²² ግራም ነው። ይህን ለይዘቱ ሲያካፍሉት 8.90 ያገኛሉ።

ጠርዙን አስተካክለው አተሙን 1 ቢሉ 2.2 ይመጣ ነበር። አተሙን 4 ብለው ጠርዙን 256 ላይ ቢተዉት ደግሞ 25። ከብረታ ብረቶች ሁሉ እፍግታው የላቀው ኦስሚየም 22.6 ስለሆነ፣ 25ን ሲያዩ ወዲያው መጠርጠር አለብዎት።

ጥያቄ፦ ብረት 912 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ መሃሉ ላይ አተም ካለው ኩብ ወደ መዳብ ዓይነቱ ይለወጣል። አተሞቹ የሚይዙት ቦታ ከ68 ወደ 74 ከመቶ ካደገ፣ ብረቱ በ8 ከመቶ መኮማተር የለበትም? የሚኮማተረው ግን 1 ከመቶ ያህል ብቻ ነው ይባላል።

መልስ፦ የሚባለው እውነት ነው። 68ም 74ም የተገኙት አተሙን መጠኑ የማይለወጥ ድቡልቡል ኳስ አድርገን ነው። የአተሞቹን ይዘት ለኩቡ ይዘት በሚያካፍለው ቀመር ውስጥ ሬዲየሱ ከላይም ከታችም ስለሚጠፋፋ ስለ መጠኑ ምንም አይነግረንም። ወርቅና አሉሚኒየም ሁለቱም 74 ከመቶ ናቸው፤ ጠርዛቸውም 408 እና 405 ፒኮ ሜትር ነው። እፍግታቸው ግን 19.3 እና 2.70 ነው፤ ይህን ያህል ያራራቃቸው የአተሞቻቸው ክብደት ነው።

በብረት ላይ የሚለወጠው ሬዲየሱ ነው። ከ912 ዲግሪ በታች አንድ አተም 8 ጎረቤት ይነካል፤ ከዚያ በላይ 12። ጎረቤት ሲበዛ እያንዳንዱ ትስስር ይላላል፣ ርቀቱም ይጨምራል፤ ሬዲየሱ ከ126 ፒኮ ሜትር ገደማ ወደ 129 ገደማ ያድጋል። ጭማሪው ትንሽ ቢመስልም ኩብ ሲሆን በይዘት ከ7 ከመቶ በላይ ስለሚደርስ፣ የተጠበቀውን መኮማተር አብዛኛውን ያጣፋዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ይበልጥ የታጨቀው ብረት ካርቦን የሚያስገባውም ይበልጥ ነው፤ በ1147 ዲግሪ በክብደት እስከ 2.1 ከመቶ፣ መሃሉ ላይ አተም ያለው ግን በ727 ዲግሪ 0.02 ከመቶ ብቻ። ምክንያቱ የክፍተቶቹ ስፋት ነው። በአዲሱ ኩብ ትልቁ ክፍተት የብረቱን ሬዲየስ 0.414 ያህል ሬዲየስ ያለው ኳስ ይይዛል፤ በቀድሞው 0.291 ብቻ። የብረትን ገጽ በካርቦን የሚያጠነክሩ ባለሙያዎችም ሥራውን የሚሠሩት ብረቱን እስከዚህ ቅርጽ ድረስ አሙቀው ነው።