ጥያቄና መልስ፦ ለሚሰነጠቅና ለሚላጥ ጥፍር

እትዬ ደሴ ላይ የውበት ሳሎን አላቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ስለ ጥፍር የጠየቃችሁትን ይመልሳሉ።

ከሐይቅ፦ እትዬ፣ የጥፍሬ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ካልሲየም ነው አይደል የጎደለኝ?

እትዬ፦ ካልሲየሙን ተይውና፣ ልብስና ዕቃ በእጅሽ ነው የምታጥቢው? መቼም መልሱን አውቀዋለሁ። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጠዋት ዕቃ፣ ረፋድ ላይ ልብስ፣ ከሰዓት ምጣድ። ቀኑን ሙሉ ሲያብጥና ሲኮማተር ድርብርቡ ይለቃል። ኦሞና በረኪና ሲጨመርበትማ አለቀለት። ጓንት አድርጊ። የጎማው ብቻውን ያልባል፣ ከስሩ ስስ የጥጥ ጓንት ይግባ። እጅሽን ታጥበሽ ጠረግ ካደረግሽ በኋላ፣ ርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ቀቢ። ጥፍሩንም ዙሪያውንም። ማታ ደግሞ ወፈር አድርጊው።

ከወልድያ፦ ከቫዝሊን ቅቤ አይሻልም?

እትዬ፦ ይሠራል፣ ሽታውን ከቻልሽው። ዋናው ርጥበቱን መያዙ ነው።

ከባቲ፦ ቅቤ በዚህ ዋጋ ለጥፍር? ወይ ጉድ!

ከወልድያ፦ የራሳችን ላም ነው እቴ።

ከባቲ፦ እንግዲያው ሰኞ ገበያ ይዘሽልን ነይ።

እትዬ፦ ወደ ጥፍሩ ተመለሱ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ መካኒክ ነኝ። ግራሱ አልለቅ እያለኝ እጄን በቤንዚን እታጠባለሁ፣ ጥፍሬ ተፈረፈረ።

እትዬ፦ በቤንዚን! መጀመሪያ የምግብ ዘይት አሸት አሸት አድርግበት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠብ። ሥራ ላይም ጓንት።

ከደሴ፦ ጥፍሬ ላይ የተሠራውን የጄል ቀለም ራሴ ላጥኩት፣ ጥፍሬ ወረቀት ሆነ። በስንት ቀን ይመለሳል?

እትዬ፦ ቀን? የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ሙሉ ለሙሉ እስኪተካ 6 ወር ያህል ይፈጃል። ጄል ሲላጥ የጥፍሩን የላይኛውን ድርብ ይዞ ይነሳል። አሁን አጭር አድርገሽ ቁረጪ፣ በለስላሳ ሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሞርጂ። ጥፍሩ ከሚበቅልበት በኩል ያለውን ስስ ቆዳ እንዳትቆርጪ! እሱ ከተነካ ጀርም ይገባል፣ ጣትሽ አብጦ መግል ይይዛል።

ከወልድያ፦ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚስ?

እትዬ፦ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል። ሎሚ ያደርቃል። ቀጥሎ።

ከከሚሴ፦ ሂናና እንሶስላ ጥፍር ይጎዳሉ?

እትዬ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። የእንሶስላ ሥር ተወቅጦ ሲታሰር ጥፍሩን ያቀላዋል እንጂ አይሸፍነውም። ለማስለቀቅ አሴቶን አያስፈልግም፣ ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ይሄዳል። ሂናም እንዲሁ። ችግሩ «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመርበታል። ቆዳ ያቆስላል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። አንዴ ቆዳሽን ካስቆጣው ወደፊት የፀጉር ቀለም ራሱ ላይስማማሽ ይችላል። የደንቡ ሂና ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። ወዲያው ጥቁር የሚያደርግ ካመጡልሽ እጅሽን ሰብስቢ።

ከባቲ፦ ኩቴክስ ተቀብቶ ውዱእ (የሶላት ትጥበት) አይሆንም፣ ሂና ግን ይሆናል።

ከሐይቅ፦ አሁን ውሃ የሚያሳልፍ ኩቴክስ መጥቷል እኮ።

ከባቲ፦ ሻጩ ያለውን ሁሉ ታምኛለሽ?

እትዬ፦ እሱን ሼኹን ጠይቁ። እኔ የማውቀው በየቀኑ በአሴቶን ማስለቀቅ ጥፍር እንደሚያደርቅ ነው።

ሌላዋ ከኮምቦልቻ፦ ጥፍሬ ይሰነጠቃል፣ ምን ላድርግ?

እትዬ፦ ከላይ አንብቢ። ጓንት! ቫዝሊን!

ከላሊበላ፦ ባዮቲን የሚባለውን የጥፍር ቫይታሚን ልግዛ?

እትዬ፦ መጀመሪያ ደምሽን ተመርመሪ። ጥፍርሽ ሳስቶ መሃሉ ከጎደጎደ የብረት ማነስ ሊሆን ይችላል። ባዮቲን ከጀመርሽ ደግሞ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ያዛባል። ምግብ እንደበላሽ ቡና አትጠጪ፣ ብረቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል።

ከላሊበላ፦ ወሎዬን ቡና ተዪ ይባላል?

እትዬ፦ ማን ተዪ አለሽ? አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ አቦሉን ጠጪ።

ከሐይቅ፦ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር ወጥቷል። ቫዝሊን ይበቃዋል?

እትዬ፦ ብዙ ጥፍር ላይ ከሆነ እኛ ጥቁሮች ላይ የተለመደ ነው። አንዱ ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ ግን የኔም የቫዝሊንም ሥራ አይደለም። ቶሎ የቆዳ ሐኪም ይየው።

ከወልድያ፦ ቅቤው የተነጠረ ቢሆንስ?

እትዬ፦ እሱንስ ለወጡ ተዪው። ደንበኛ መጣብኝ፣ በሉ ደህና ዋሉ።