መስኮት ወይስ መድረክ? ስለ ካይሮ የማታ ጀልባ ጥያቄና መልስ

ካይሮ ላይ በጀልባ እራት ስለበላሁበት ምሽት ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤው አላቆመም። ግማሾቻችሁ ልትሄዱ ነው። ግማሾቻችሁ ሄዳችሁ፣ ተናዳችሁ ተመልሳችኋል። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ ቁጣውንም አለዝቤ፣ መልሱ እነሆ።

«ጀልባው ንቅንቅ አላለም»

አንድ አባት ከባለቤታቸው ጋር «እራት በናይል ላይ» ተብሎ የተሸጠላቸውን ትኬት ይዘው ሄዱ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ዘፈን ሰሙ። ጀልባው ግን ከታሰረበት አልወጣም። ተጭበርብሬ ነው ወይ ይላሉ።

ሳይጠይቁ ገዝተው ነው እንጂ አልተጭበረበሩም። ወንዙ ዳር ሁለት ዓይነት ጀልባ አለ። አንደኛው እንደታሰረ የሚኖር ሬስቶራንት ነው። ሌላው በየምሽቱ ወጥቶ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ይመለሳል። ከዳር ሆነው ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። ስለዚህ ስትገዙ «በስንት ሰዓት ተነስቶ በስንት ሰዓት ይመለሳል?» በሉ። ሻጩ «በፈለጋችሁት ሰዓት ኑ» ካለ አይንቀሳቀስም ማለት ነው።

የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ጥሎ ይሄዳል። የካይሮ መንገድ ሲዘጋ ተዘጋ ነውና ግማሽ ሰዓት ቀደም በሉ። ትኬቱ ላይ የማታ 8፡00 ካለ በእኛ 2 ሰዓት ነው። በጠራራ ፀሐይ ከቀኑ 8 ሰዓት ሄዶ የተገተረ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፣ ወንድሜ ነው።

«ምን ልልበስ?»

ንጹሕ ልብስ። በታኅሣሥና በጥር ከሆነ ጃኬት ጨምሪበት፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ነፋሱ አይምርም።

«በዐቢይ ጾም ነው የምሄደው፤ ለቡፌ ከፍዬ ዳቦ ብቻ ልበላ ነው?»

ኧረ በጭራሽ። ግብፅ ውስጥም እኮ የሚጾም ክርስቲያን አለ። የጾም ምግብን «ሲያሚ» ይሉታል። ይቺን አንድ ቃል ይዘሽ ሂጂ፣ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። ጠሂና (የሰሊጥ ማባያ)፣ ፉል፣ ሰላጣ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ልታገኚ ትችያለሽ። ጥቅልሉ ውስጥ ሥጋ ካለ፣ ሩዙም በቅቤ ወይም በሥጋ መረቅ ተሠርቶ ከሆነ ጠይቂ። ኮፕቶች በአንዳንድ ጾሞቻቸው ዓሣ ስለሚበሉ «ሲያሚ» ብለሽ ዓሣ ቢመጣልሽ አትደንግጪ። የዓሣውን ክርክር ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ።

«መድረኩ አጠገብ ይሻላል ወይስ መስኮቱ ጋ? መድረኩ አጠገብ ያለው ወደድ ይላል»

መስኮቱ ጋ። እዚህ ላይ ትንሽ ልለፍልፍ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

እኔ በሄድኩበት ማታ ከጎኔ ስምንት የሀገሬ ልጆች ነበሩ። መድረኩ ሥር የነበረውን ጠረጴዛ በጭማሪ ብር ይዘውታል። ዘፋኙ ሲመጣ ስልክ አወጡ። ዳንሰኛዋ ስትመጣ ስልክ አወጡ። ኬክ ሲመጣም ስልክ አወጡ። ድምፅ ማጉያው ራሳቸው ላይ ስለሆነ እርስ በርስ በምልክት ነው የሚያወሩት። ስንወርድ አንደኛው «ድልድዩን አለፍነው እንዴ?» አለ። ሁለት ጊዜ ነው ያለፍነው፤ ስንሄድና ስንመለስ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኼኔ ነው።

ዘፈንና እራት የትም አለ። ለዚህኛው የከፈላችሁት ወንዙ ላይ ስለሆነ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ምግቤን በልቼ፣ ዘፋኙ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ደረጃውን ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ። ብዙ ጊዜ ላይኛው ፎቅ ላይ ሲጋራ ከሚያጨሱ ሁለት ሰዎች በቀር ማንም የለም። ከታች ዘፈኑ ይደበዝዝና ከበሮው ብቻ በጫማ ሶል በኩል ይመጣል። ከዚያ ማየት ነው። የቃስር ኤል ኒል ድልድይ አራቱ የነሐስ አንበሶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ተቀምጠዋል። ወዲያ ማዶ 187 ሜትር የሚረዝመው የካይሮ ታወር ቀለሙን እየቀያየረ ይበራል። ባለሸራዎቹ ፈሉካዎች በጨለማው ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ።

ፈሉካዋን ካያችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ናይል ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ሸራ ዘርግቶ በነፋስ፣ ወደ ሰሜን ሲመለሱ ሸራ አጥፎ በውሃው። የጥንቶቹ ግብፆች «ወደ ደቡብ መሄድ» ብለው ሲጽፉ ሸራዋ የተዘረጋ ጀልባ ይሥሉ ነበር፤ «ወደ ሰሜን» ሲሆን ሸራ የሌላት። የእናንተ ጀልባ ሞተር አለውና ነፋስ አይለምንም። ግን ውሃው ሲታገለው ከተሰማችሁ ወደ ደቡብ ነው፤ ፊታችሁ ወደ ሀገር ቤት ዞሯል።

ወደዚያ ስትሄዱ የሮዳ ደሴት አለ። በደቡብ ጫፉ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የወንዝ መለኪያ ይገኛል። ጉድጓድ ነው፤ መሐሉ ላይ ክንድ በክንድ ምልክት የተደረገበት የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ውሃው 16 ክንድ ከደረሰ ጥጋብ፣ ካልደረሰ ችጋር። የዓመቱ ግብርም የሚተመነው ያንን አይተው ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎጃምና ወሎ ላይ የዘነበው ዝናብ እዚያ ዓምድ ላይ ይነበብ ነበር። ከጎኑ ደግሞ የዝነኛዋ ግብፃዊት ዘፋኝ የኡም ኩልሱም ሙዚየም አለ። ዘፈን ለሚወድ ሰው በቀን ተመልሶ መምጣት ነው።

ጎርፉ አሁን ካይሮ አይደርስም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለን ስንተርት ኖርን፤ እሱ ግን አስዋን ላይ ማደሪያ ካገኘ ሰነበተ። አሁን ደግሞ ጉባም ላይ አለው።

ይኼ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ ወርዳችሁ ጨፍሩ፣ አልከለከልኳችሁም።

«ጠረጴዛ የሚጋሩኝ ሰዎች ስለ ግድቡ ቢያነሱብኝ ምን ልበል?»

«ሩዙ ጣፍጧል» በል።

«ዳንሰኛዋን ግንባሯ ላይ ብር ለጥፌ መሸለም እችላለሁ?»

አትችልም! ወንድሜ፣ አዝማሪ ቤት መሰለህ? እኛ ጋ ግንባር ላይ መለጠፍ አክብሮት ነው። እዚያ ግን ቤሊ ዳንስ የምትሠራን ሴት መንካት ነውር ነው፤ አስተናጋጆቹም ዝም አይሉህም። መሸለም ካማረህ ሲያበቃ ለባንዱ ወይም ለአስተናጋጁ በእጁ ስጠው። «ባክሺሽ» ይሉታል፣ ማንም አይቀየምም። ጠረጴዛህ ጋ መጥታ አብረሃት ፎቶ ከተነሳህ፣ ያ ፎቶ ስትወርድ ታትሞ ይጠብቅህ ይሆናል። በነጻ እንዳይመስልህ፤ ካልፈለግከው «አመሰግናለሁ» ብለህ እለፍ።

ይልቅ ታኑራውን አትለፈው። ታኑራ በአረብኛ ቀሚስ ማለት ነው። ሰውየው በአንድ ቦታ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ያየው ሰው ራሱ ይዞራል። ምንጩ የሱፊ ደርቪሾች አምልኮ ነው። ጀልባ ላይ ሲመጣ ትርዒት ሆኗል፤ አንዳንዱ ቀሚሱ ላይ አምፖል ሁሉ ሰፍቶበታል። ሲሽከረከር ቆይቶ ላይኛውን ቀሚስ ፈትቶ ከራሱ በላይ እንደ ጃንጥላ ያዞረዋል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ጀልባው ይንቀሳቀሳል፣ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቢርቀው ነው። አንድም ብርጭቆ ሲነካ አላየሁም።

«እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ችግር አለው?»

መሄዱ አይደለም ችግሩ፣ ሰዓቱ ነው። እዚህ ላይ አልቀልድም።

ትኬቱ 2 ሰዓት ይላል። ትሳፈራላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ጀልባው ይነሳል፣ ከዚያ ቡፌው ይከፈታል፣ ከዚያ ሰልፍ አለ። እናትሽ ምግብ ሊደርስ ነው ብለው ፈጣኑን ኢንሱሊን ቀድመው ከወጉ፣ እራቱ አንድ ሰዓት ሲዘገይ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ሲመጣ በዚያ ጨለማና ጩኸት ውስጥ ማን ያያል? «እማማ ደከማቸው» ይባላል። ስለዚህ ስኳር ወይም ጭማቂ ከእጅ አይለይ። ምልክቱ ከታየ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳታደርጉ፤ ሠራተኞቹን ጥሩና ጀልባው ዳር ይያዝ።

ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን አግኙ። ለወጉ ያህል እያልኩ አይደለም። የትኛውን ኢንሱሊን፣ ስንት፣ ከምግቡ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት የሚለውን ሊነግራችሁ የሚችለው እሱ ነው። ያ ቀጠሮ ሳይያዝ ትኬት አትግዢ።

«መኪና ያጥወለውለኛል፣ ጀልባስ?»

ወንዝ ነው እንጂ ባሕር አይደለም፤ እምብዛም አያወዛውዝም። ታችኛው ፎቅ መሐል ላይ ተቀመጪ። ክኒን ካሰኘሽ ፋርማሲ ጠይቂ።

«ለፍቅረኛዬ ጀልባው ላይ ቀለበት ላደርግላት ነው። ዘፋኙ በማይክ እንዲያውጅልኝ አስባለሁ»

መልሷን ታውቀዋለህ? እርግጠኛ ከሆንክ መልካም ጋብቻ። «ይመስለኛል» ከሆነ ግን ቁጭ ብለህ አስላ። ጥያቄውን ከተነሳችሁ በግማሽ ሰዓት ብትጠይቃት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀራችኋል። እምቢ ካለች መውረጃ የለም። ከማያውቋችሁ መቶ ሰዎች ጋር፣ ኬክ ፊት ለፊት ተፋጥጣችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ዘፋኙም ሊያጽናናችሁ የፍቅር ዘፈን ይጀምራል። ማይኩን ተወው። ላይኛው ፎቅ ውሰዳትና ለብቻችሁ ጠይቃት። ቀለበቱን ደግሞ ብረቱን ተደግፈህ እንዳታወጣው።

«ሁለት ትናንሽ ልጆች አሉኝ፣ እኔም ዋና አልችልም»

ዋና መቻል ብዙም አያጽናናዎት፤ በሱፍ ልብስና በጫማ በጨለማ ማን ይዋኛል? ጥያቄው ላይፍ ጃኬት ነው። ሲገቡ፣ ከመቀመጥዎ በፊት፣ የት እንዳለ ይጠይቁ። በልጆቹ ልክ የሚሆን አለ ወይ ይበሉ። «አለ» ሲሉዎት «አሳዩኝ» ይበሉ። ተቆልፎበት ቁልፉ ከጠፋ፣ ገና ሳይነሳ ይውረዱ። ገንዘቡ ይሂድ።

ሟርተኛ አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ፣ ማርሽዮነስ የምትባል ጀልባ የልደት ጭፈራ ላይ እንዳለች በሌሊት ከአሸዋ ማውጫ መርከብ ጋር ተጋጭታ 51 ሰው ሞቷል። እንዲህ ያለው ብዙ አይደርስም። የሚበዛው መሳፈሪያዋ ሳንቃ ላይ መንሸራተት ነው። ስትሳፈሩም ስትወርዱም አንድ አንድ ልጅ በእጅ ይያዝ። እኔ ባለሁበት አንዲት ሴትዮ ባለተረከዝ ጫማቸው ሳንቃው መሐል ተሰክቶ፣ ሲነቅሉት ወንዙ ውስጥ ገባ። ሙሉውን እራት በአንድ እግር ጫማ በሉ።

«ካይሮ ላይ የዘጠኝ ሰዓት ትራንዚት አለኝ፤ ይበቃኛል?»

ቪዛውን ኤምባሲው ይንገርህ። ሰዓቱን ግን እኔ እነግርሃለሁ፤ አይበቃህም። ኤርፖርቱ ከወንዙ ሩቅ ነው፣ መንገዱ አይታመንም፣ ጀልባው ደግሞ «በረራ አለብኝ» ስትለው አይዞርልህም። አንድ ሌሊት ማደር ካልቻልክ ሌላ ጊዜ።

«አያቴ ከካይሮ የዓባይን ውሃ በጠርሙስ አምጪልኝ ብለዋል። ጀልባው ላይ ሆኜ መቅዳት ይቻላል?»

ከጀልባው ላይ ጎንበስ ብለሽ እንዳትቀጂ፣ በእግዚአብሔር። ውሃውም ካይሮ እስኪደርስ ስንት ከተማ አልፏል፤ ለመጠጣት ይቅርና ፊት ለመታጠብም አልመክርም። አያትሽ ጸበል ከሆነ የሚፈልጉት፣ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው፤ ከእኛው ቤት ነው የሚነሳው። ከካይሮ ፎቶውን አምጪላቸው። የለም ጠርሙሱን ነው ካሉ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ክተቺው፤ በእጅ ከያዝሽው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ስለሆነ ፍተሻ ላይ ያስጥሉሻል።